ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥርሽ

ከኮምቦልቻ ደሴ ከገባሽ ወዲህ ዳገት ላይ ትንፋሽ እያጠረሽ፣ አየር በአፍሽ በሳብሽ ቁጥር እንደሚብስብሽ ጽፈሻል። መሳቡን ተይው፤ ማስወጣቱ ላይ አተኩሪ።

ቁሚ። እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ትንሽ አጎንብሺ፣ ትከሻሽን ልቀቂው። በአፍንጫሽ 2 እስክትቆጥሪ ሳቢ። ከዚያ ትኩስ ቡና እንደምታቀዘቅዢ ከንፈርሽን አሞጥሙጠሽ 4 እስክትቆጥሪ ቀስ ብለሽ አስወጪ።

የአተነፋፈስ ልማድሽ የሚለወጠው ግን ቤት ነው። ጠዋትና ማታ በጀርባሽ ተኝተሽ አንድ እጅሽን ደረትሽ፣ አንዱን ሆድሽ ላይ አድርጊ። ከፍ ዝቅ ማለት ያለበት የሆድሽ ነው። መጀመሪያ ላይ አየር ያነሰሽ ይመስልሻል። እኔም አልፌበታለሁ፣ አብሽሪ።

እናቴን "ከፍታው ነው፣ ይለመዳል" እያልን ወራት አሳለፍን። ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ተመርመሪ። ደረትሽን ከወጋሽ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም ስትተኚ ካፈነሽ ዛሬውኑ ሂጂ።