ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በቀን ሺህ ጥይት ልተኩስ ነው፤ ምን ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ56 ዓመት ሰው ነኝ፤ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር በሚያዝያ ወር አርጀንቲና፣ ኮርዶባ የሚባል ቦታ ለእርግብ አደን ሲሄድ እኔንም ጋብዞኛል። አንድ ሰው በቀን እስከ ሺህ ጥይት ይተኩሳል አለኝ። ጠመንጃ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ ተኩሻለሁ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ግራ ጆሮዬ አንዳንዴ ጭው ይልብኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። ምን ክትባት ልውሰድ? ትከሻዬስ ይችለዋል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ክትባትና ስለ ትከሻ ነው፤ ሁለቱንም እመልሳለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጣል አድርገው ያለፉት ግራ ጆሮዎ ነው።

ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ይመስለኛል። ሰደፉን ቀኝ ትከሻው ላይ አስደግፎ የሚተኩስ ሰው ቀኝ ጆሮው በራሱና በትከሻው ይከለላል፤ ግራው ወደ አፈሙዙ ይዞርና ድምፁን በቀጥታ ይቀበላል። የቆዩ ተኳሾች ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ ግራው ብሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያ ጭውታ ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም፤ የእነዚያ ሠርጎች ትርፍ ሳይሆን አይቀርም። የሾትጋን፣ ማለትም ፍንጣሪ የሚረጨው የወፍ ማደኛ ጠመንጃ፣ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ 140 ላይ የደረሰ የተኩስ ድምፅ ደግሞ በአንዲት ምት እንኳ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ተቀብለው ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መርፌም ኪኒንም አይመልሳቸውም።

ሠርግ ላይ ቢበዛ አንድ ሁለት ካዝና ነው። እዚያ ግን ጠዋት ተተኩሶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ከሰዓት ይቀጠላል፤ ጎንዎ የቆመው ሰውም እንደዚያው ይተኩሳል። ይህ ሁሉ ተኩስ የሚፈቀደው እርግቡ ለቁጥር የሚያታክት ስለሆነና የአካባቢውን የማሽላና የእህል ማሳ ስለሚያወድም ነው። የባቲና የቃሉ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ የሚያባርረውን ወፍ እነሱ በሾትጋን ያባርሩታል ብለው ይያዙት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትዕዛዜ ቲኬት ሳይቆረጥ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደው የመስማት ምርመራ ያድርጉ የሚል ነው። ከጉዞው በኋላ የሚወዳደር ነገር ይኖረናል፤ ጉዳቱ ከወዲሁ የገፋ ከሆነ ደግሞ ቁርጡን ልነግርዎ እችላለሁ።

ሁለተኛው፣ ጥጥ ይርሱ። ጥጥ ከዚህ ድምፅ አያድንም። ስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ ከውስጥ፣ ኸድፎን የሚመስለው ማፈኛ ከላይ፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያድርጉ። ስፖንጁን ደግሞ አብዛኛው ሰው ደጃፉ ላይ ወሽቆት ነው የሚቀመጠው። በጣቶችዎ እያሹ እስኪቀጥን ይጠቅልሉት። ለቀኝ ጆሮ ከሆነ ግራ እጅዎን በራስዎ ላይ አሻግረው የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ስፖንጁን ይክተቱና መልሶ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትዎ ደግፈው ይያዙት። በደንብ ከገባ የራስዎ ድምፅ እንስራ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ይሆንብዎታል። የመነጽርዎ ክንድ ወፍራም ከሆነ የማፈኛውን ጠርዝ ያነሣዋል፤ በዚያች ክፍተት ድምፁ ይገባል፤ ስለዚህ ክንደ ቀጭን መነጽር ይያዙ። መነጽሩ ራሱ ግዴታ ነው፤ ከሰማይ የሚመለስ የእርሳስ ፍንጣሪ ዓይን አይመርጥም። መተኮሻው ቦታ ላይ ከወንድምዎ ጋር ለማውራት ብለው መሰኪያውን የሚያወልቁባት ደቂቃ ናት አደገኛዋ፤ ጎረቤትዎ መተኮሱን አላቆመማ።

ከተኩስ በኋላ ጆሮዎ ከደፈነ ወይም ጭውታው በማግስቱም ካልተወዎት ተኩሱን እዚያው ያቁሙ። መስማትዎ በድንገት ከቀነሰ አገሬ ስገባ እታያለሁ አይበሉ፤ የሚሰጠው መድኃኒት የሚረዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተጀመረ ነው።

ወደ ትከሻዎ ልመለስ። የጦሳን ተራራ የሚወጣ እግር ሊኖርዎት ይችላል፤ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ብረት ሺህ ጊዜ አንሥቶ ማነጣጠር ግን የእግር ሥራ አይደለም። ከመሄድዎ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድመው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልተው በግራ እጅዎ ወደ ፊት ዘርግተው ማንሣትና ማውረድ ይለማመዱ፤ ቀስ እያሉ ቁጥሩን ይጨምሩ። ጠመንጃ ሲመርጡ ወንድምዎ ባለ 12 ቢልዎ እሺ አይበሉ (ቁጥሩ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል)፤ ባለ 20 ወይም ባለ 28፣ ከፊል አውቶማቲክ የሆነውን ይጠይቁ፤ ምቱ ይቀላል። ሰደፉ ላይ የጎማ ትራስ፣ ትከሻዎ ላይ ደግሞ የምት መከላከያ ንጣፍ ይኑር። ሰደፉ ሳይጠብቅ ከተተኮሰ ነው የሚመታው፤ ትከሻው ጎድጓዳ ላይ አጥብቀው ያስደግፉት። ጥቂት ሰማያዊ በለዝ ያለ ነው። ክንድዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ግን ነርቭ ተነክቶ ይሆናልና ለዚያ ቀን ይብቃዎት።

ትከሻው ሲያምዎ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፦ ዳይክሎ። አደራዎን! ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ፣ በዚያ ላይ ፀሐይና የውኃ እጥረት ሲጨመር፣ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊቱንም ከፍ ያደርጉታል። ፓራሲታሞልና በረዶ ይበቃዎታል። ውኃ ሳይጠማዎት ይጠጡ። ግፊትዎ ከ160 በ100 በላይ እየሆነ ከሆነ ጉዞውን ሳያስቡ መድኃኒትዎ ይስተካከል።

ኪኒኖቹን ከነካርቶናቸውና ከማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በሀበሻ አቆጣጠር የሞሉት ሰዓት እዚያም ሳይነካ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ እዚህ ቀትር ስድስት ሲሆን እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ንጋት ስድስት ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ለኪኒን ያሳስታል፦ እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚውጡት እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይወድቃል። በደረሱበት ቀን እዚያው ሲነጋ ይዋጡት፤ የስድስት ሰዓት መዘግየት አይጎዳም፤ ደርቦ መውሰድ ግን አይፈቀድም።

ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ ግማሽ ቀን ያህል በረራ ነው፤ ከዚያ ቦነስ አይረስ፣ ከዚያ ኮርዶባ። በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፤ ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ነው። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ ግልጹን ልንገርዎ፦ ግፊት ይጨምራል፤ ይዞ መሄድ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ያስይዛል።

ክትባቱ ቀላሉ ክፍል ነው። በአርጀንቲና የቢጫ ወባ ክትባት የሚመከረው ሰሜን ምሥራቅ ላሉት ለሚሲዮኔስና ለኮሪየንቴስ ነው፤ ኮርዶባ ከዚያ ውጭ ናት። ሆኖም ወንድምዎ ኢጉዋሱ ፏፏቴን ልናይ ነው ቢልዎ ያስፈልግዎታል፤ መንገድ ላይ ያሉ አገሮችም ከኢትዮጵያ የመጣን መንገደኛ ካርዱን ሊጠይቁ ይችላሉ። ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ይወሰዳል፤ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቴታነስ ከቆየብዎት ይታደስ። ሚያዝያ እዚያ መኸር ነው፤ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ቢምቢ ገና አልሄደችም፤ ቀንም ትነክሳለች፤ ቅባትና ረጅም እጅጌ አይለይዎ።

ወባ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አርጀንቲና በ2019 ከወባ ነፃ ተብላለች፤ ወባውን ይዘው የሚሄዱት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል ቪቫክስ የሚባል የወባ ዓይነት አለ፤ ጉበት ውስጥ ተኝታ ከወራት በኋላ ትነሣለች። እዚያ ትኩሳት ቢይዝዎ ሐኪሙ ዴንጊን እንጂ ወባን ላያስብ ይችላል። «ወባ ካለበት አገር ነው የመጣሁት» ይበሉትና የደም ምርመራ ያስደርጉ።

አንድ የቀረኝ እርሳሱ ነው። በየተኩሱ የሚወጣው ብናኝ እጅና ልብስ ላይ ይቀራል። ሳይታጠቡ አይብሉ፤ የተኮሱበትን ልብስ ለብቻው አጥፈው በፌስታል ይዘው ይምጡና የልጅ ልጆችዎ ልብስ ጋር ሳይደባለቅ ይታጠብ። እርግቡን ቢቀምሱ ፍንጣሪ የገባበትን ሥጋ ቆርጠው ይጣሉ። አራጅ ማን ነው፣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ግን ለሼኩ ወይም ለአባ ይተዉት፤ እኔ አልገባበትም። ተመልሰው በገቡ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከጀመርዎ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ወፍ መንካትዎን አስቀድመው ይናገሩ፤ ከወፍ የሚመጣ የሳንባ ምች አለ፤ በዶክሲሳይክሊን ይድናል፤ ሐኪሙ እንዲያስበው ግን መንገር አለብዎት።

አብሽሩ፣ አይሂዱ አላልኩም። የጆሮውን ምርመራ ውጤት ይዘው ይምጡና እንነጋገር።