አልማዝ ባለጭራው ድኖ ሕመሙ አልለቀቀም፤ ማሽን እንግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የዛሬ አምስት ወር ከግራ ጡቷ ሥር ጀምሮ እስከ ጀርባዋ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። ቁስሉ ደርቋል፣ ሕመሙ ግን ይኸው አለ። ያቃጥለኛል፣ አንዳንዴም እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል ትላለች። ነጠላ እንኳ ሲነካት ስለማትችል በቀኝ ትከሻዋ ብቻ ጣል አድርጋ ነው የምትውለው። ፓራሲታሞልም ዳይክሎፌናክም ወሰደች፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንድ ጎረቤታችን ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ትንሽ ማሽን ግዙላት አለን። በሚነዝር ሕመም ላይ ሌላ ኮረንቲ መጨመር አያስፈራም?

መልስ፦ እግዜር ይማራቸው። ማሽኑ ቴንስ ይባላል። የሚሠራው በትንሽ ባትሪ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች በኩል ደካማ ምት ይልካል፣ ይኸው ነው። ምቱ የመዳሰስ ስሜት የሚያደርሱትን ወፍራም ነርቮች ሲያነቃቃ፣ የሕመሙ መልእክት አከርካሪ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይጠብበታል። ይህን ሐሳብ ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ነው ያቀረቡት። ክርናችን ሲጋጭ ወዲያው ማሸት የሚቀናን ለዚህ ነው።

ያድናል ወይ ካልሽኝ፣ አያድንም። አንዳንዱን ሰው ደህና አድርጎ ያስታግሰዋል፣ አንዳንዱን ምንም አይለውም። በዚህ ሕመም ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ ከመድኃኒት ጋር የሚሞከር ነገር አድርጊው። "ነርቭ ይጠግናል" ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ግን እለፉት።

ሰው ማሽኑን ሲገዛ ፓዱን ቀጥታ የሚያመው ቦታ ላይ ይለጥፈዋል። ነጠላ ያልቻለ ቆዳ ፓድ እንዴት ይችላል? ፓዱ ሲነሳ ራሱ ያስለቅሳቸዋል። የደነዘዘ ቦታም ላይ አይሆንም፣ ሳይሰማቸው ሊያቃጥላቸው ይችላል። የሚለጠፈው በዚያው የጎድን አጥንት መስመር፣ ወደ አከርካሪው ጠጋ ብሎ፣ ሲነካ የማያም ቆዳ ላይ ነው። አንዱን ፓድ ደረት ላይ፣ ሌላውን ጀርባ ላይ አድርጎ ልብን መሐል ማስገባት ደግሞ በፍጹም! ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ (በሰከንድ ይህን ያህል ምት) ይጀመራል፤ ኃይሉን ከዜሮ ተነስተሽ፣ ጠንከር ያለ ግን የማያም ንዝረት እስኪሰማቸው ቀስ እያልሽ ትጨምሪያለሽ። ካባሰባቸው አቁሚው። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው አይጠቀምም፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው።

ከመግዛታችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጃቸውና ሁለት ሦስቴ ይሞከርላቸው፣ ቦታውንም ያሳዩሽ። ከተስማማቸው ያኔ ትገዣለሽ። የፓዱ ማጣበቂያ ስለሚያልቅ መለዋወጫ መኖሩን ሻጩን ጠይቂው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዋናው መድኃኒት አለመጀመሩ ነው። ነፍሳት ሄዶባቸው ነው የሚል አይጠፋም፣ ግን ይህ በልጅነት ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሳል፣ ነርቩንም ይጎዳል። ከሦስት ወር ካለፈ ሕመሙ የነርቭ ነው፤ ፓራሲታሞሉም ያልሠራው ለዚህ ነው። ሐኪሙን ስለ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ጠይቂው። የድብርት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው የሚል ወረቀት ብታነቢ አትደንግጪ፣ ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛሉ። በትንሹ ተጀምረው ቀስ በቀስ ነው የሚጨምሩት፣ ለውጡ እስኪታይም ሳምንታት ይፈጃል። የልብ፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት አልወጣ የማለት ችግር ካለባቸው አስቀድመሽ ተናገሪ። ደግሞም ያንገዳግዳሉ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ብቻቸውን አይውጡ አይውረዱ፣ በተለይ ማታ።

ዳይክሎፌናኩን ግን ከወዲሁ ተዉት። ለዚህ ሕመም አይሠራም፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ለጨጓራና ለኩላሊት ጠላት ነው።