የዓባይን በረሃ በሳይክል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በኮርስ ሳይክል ልንሄድ አስበናል። ያስፈራን የዓባይ በረሃ ነው። የደጀንን ዳገት እንዴት እንወጣዋለን?

መልስ፦ እናንተ ዳገቱን ፈራችሁ፤ እኔ የምፈራላችሁ ቁልቁለቱን ነው። በረሃው አፋፍ ላይ ካለችው ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። መጀመሪያ የወረድኩ ጊዜ ፍሬኑን ከላይ ጀምሬ ጨብጬ ያዝኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ የኋላው ካላማዳሪያ እንደ ጥይት ጮኸ። ቸርኬውን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ሲፈትገው ብረቱ ይግላል፣ የካላማዳሪያው አየርም በሙቀት ያብጣል። ስለዚህ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ቀጥ ባለው ላይ ልቀቁ፣ ከመታጠፊያው በፊት ያዙ። በየመሃሉ ቆማችሁ አብርዱት። የከባድ መኪና ጎማ አስፋልቱን ያጎበጠበት ቦታ ስላለ ዓይናችሁ ከመንገዱ አይነሣ። ዝንጀሮውን በኋላ ታዩታላችሁ።

ዳገቱ ጥበብ የለውም። ጎሐ ጽዮን እደሩ፣ ልክ ሲነጋ ተነሡ። ድልድዩ ጋ ቆላ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች አለቀላችሁ። ለየሰዉ 3 ሊትር ውኃ ያዙ፣ ከኋላ ባለ 32 ጥርስ ማርሽ አስገጥሙ። የጭነት መኪና ጀርባ ይዞ መውጣት የሚያምረው ጓደኛ ካላችሁ ግን ቤቱ ይቅር።

የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዋዜማው ከመስመሩ ሹፌሮች ጠይቁ።