ለልጆቼ፦ ረዓብ በምን ዳነች?

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሒሳብ ምርመራ ሥራ ስኖር ገቢና ወጪን ማመሳከር ልማድ ሆኖብኝ፣ እምነቴንም በዚያው ዓይን አየው ነበር፤ ጾሜንና ምጽዋቴን በገቢ፣ ኃጢአቴን በወጪ እየመዘገብሁ ጉድለት እንዳይገኝብኝ ስፈራ ኖሬያለሁ። ከዚህ ፍርሃት ያላቀቀኝ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. 96 ገደማ፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ለቆሮንቶስ ምእመናን የላከችው መልእክት ነው። ጸሐፊው ስሙን አልገለጸም፤ ትውፊት ለሮሙ ቀሌምንጦስ ይሰጠዋል። በአገራችን ከሚታወቀው ከመጽሐፈ ቀሌምንጦስ ጋር ግን አታምታቱት፤ ሌላ ነው።

መልእክቱ የተጻፈው በቆሮንቶስ ጥቂት ሰዎች ተነሥተው ነቀፋ የሌለባቸውን ሽማግሌዎች ከአገልግሎታቸው ስላወረዱ ነው። በ32ኛው ምዕራፍ ጸሐፊው የምንጸድቀው በጥበባችን፣ በማስተዋላችን ወይም በንጹሕ ልብ በሠራነው ሥራ ሳይሆን በእምነት መሆኑን ይናገራል። ልብ በሉ፤ በንጹሕ ልብ የተሠራውን እንኳ የመጽደቂያ ዋጋ አድርጎ አይቆጥረውም። ይህን ያነበብሁ ዕለት መዝገቤን ዘጋሁት። ነገር ግን እዚያ ላይ እንዳትቆሙ አደራ እላችኋለሁ፤ 33ኛው ምዕራፍ ወዲያው፣ እንግዲህ በጎ ከማድረግ እንቦዝን ወይ፣ ፍቅርንስ እንተው ወይ ብሎ ይጠይቅና፣ ፈጣሪ ራሱ በሥራው ደስ እንደሚለው አስታውሶ ወደ ሥራ ይመልሰናል።

ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የገባኝ በ12ኛው ምዕራፍ በተነገረችው በኢያሪኮዋ ረዓብ ነው። ጸሐፊው በእምነቷና እንግዳ በመቀበሏ ዳነች ይላል። ኢያሱ የላካቸው ሰላዮች ሰገነቷ ላይ በተልባ እግር ውስጥ ተሸሽገዋል፤ የንጉሡ መልእክተኞች በሯ ላይ ቆመው አውጪ ይሏታል፤ እሷ ሄደዋል ብላ ሌላ አቅጣጫ ታሳያቸዋለች፤ ቢፈትሹ የምትሞተው እሷ ናት። በዚያች ቅጽበት እምነቷ የት እንዳበቃ፣ ሥራዋም የት እንደጀመረ ለይቶ የሚመዘግብ ሒሳብ አዋቂ አላውቅም። በመስኮቷ ላይ የታሰረውን ቀይ ፈትል ግን ጸሐፊው የሚያምኑ ሁሉ በጌታ ደም እንደሚዋጁ ምልክት አድርጎ ተረጎመው፤ ስለዚህ ቤቷን መክፈቷን የመዳኗ ክፍያ አድርጌ ልጽፈው አልደፍርም።

መልእክቱን ይዘው የሄዱት ከወጣትነት እስከ እርጅና ያለ ነቀፋ በሮም ምእመናን መካከል የኖሩ ሰዎች ነበሩ። የሮም ቤተ ክርስቲያንም የሰላሙን ዜና ቶሎ እንድትሰማ፣ ፈጥነው በደስታ እንዲመለሱላት ለመነች።