እጁንም ሽንቱንም እዩ

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ሕክምና ለምትማሩ ልጆቼ፣

የጡረተኛ ሐኪም ምክር ይንዛዛልና ስለ አንድ ፕሮቲን ብቻ ላውራችሁ፦ ሊምፕ-2። የቤልጂጉ ሳይንቲስት ደ ዱቭ በ1955 እ.ኤ.አ. ላይሶሶምን (በሕዋስ ውስጥ ቆሻሻን የሚፈጨውን ትንሽ ከረጢት) ካሳወቀ ጀምሮ ብዙ ጊዜ የምናስተምረው በውስጡ ስላሉት ኢንዛይሞች ነበር፤ ሽፋኑ ተረሳ። ሊምፕ-2 ሽፋኑ ላይ ተሰክቶ የሚኖር ነው።

አብዛኞቹ የላይሶሶም ኢንዛይሞች መንገዳቸውን የሚያገኙት ማኖዝ-6-ፎስፌት በሚባል ምልክት ነው። ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ የሚባለው፣ ስብ የሚሰብር ኢንዛይም ግን በዚህ አይሄድም። ሊምፕ-2 ገና ከተሠራበት ይቀበለውና እንግዳን ደጅ እንደሚያደርስ ሰው ላይሶሶም ድረስ ይወስደዋል፤ የላይሶሶሙ አሲድ ሲያገኛቸው ይላቀቃሉ። ይህ በ2007 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ኢንዛይሙ ራሱ ሲበላሽ የጎሼ በሽታ (ያ ስብ በሰውነት ውስጥ የሚከማችበት) ይመጣል። ሊምፕ-2 ሲጎድል የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

በአሥራዎቹ መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ ያለ ወጣት ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል ክንዱ በድንገት ይፈናጠራል። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል፣ ኩላሊቱ እየደከመ ይሄዳል፤ አእምሮው ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። አንዳንዱ ላይ ኩላሊቱ ይቀድማል፣ ሌላው ላይ ነርቩ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ኩላሊት የደከመበት ሰው በዩሪያ (ኩላሊት ማስወገድ የነበረበት የደም ቆሻሻ) ብዛት ብቻም ይፈናጠራልና ሁሉን በዚያ አመካኝተን እናልፋለን። የዩሪያው በዲያሊሲስ (ደምን በማሽን በማጠብ) ይሻለዋል፤ ይሄኛው ኩላሊት እንኳ ቢተካለት መፈናጠሩ ይቀጥላል።

በሽታው እጅግ ብርቅ ነው፤ በዕድሜያችሁ አንድም ላታዩ ትችላላችሁ። ልማዱን ግን ያዙ፦ ኩላሊት ክፍል ስትመደቡ "እጅህን ዘርጋ" በሉ፣ ነርቭ ክፍል ስትሆኑ ሽንት አስመርምሩ። ርካሽ ነው። (ይኸው ፕሮቲን ኢንቴሮቫይረስ 71 የተባለ፣ በተለይ ሕፃናትን የሚያሳምም ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር መሆኑ በ2009 እ.ኤ.አ. መታወቁንም ልብ በሉ፤ ፕሮቲን የአንድ ሙያ ባለቤት አይደለም።)

በሽታው የሚወጣው የተበላሸው ጂን ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው። ጎጃም ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥር አገር ነው፤ ይህን ኋላቀርነት የሚለው ተማሪ አጋጥሞኛል፣ አልስማማም። ቆጠራው ሁሉን አይከላከልም፤ የቤተሰብ ታሪክ ስትወስዱ ግን ያን የሚያውቁ አያት ከማንም ይበልጣሉ። ብቻቸውን አድርጋችሁ ጠይቋቸው፤ ልጅ ሊድሩ ያሰቡ ሰዎች በሽታን በጎረቤት ፊት አይናገሩም። "እማማ፣ ከወገንዎ በወጣትነቱ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ሰውነቱ አብጦ የሞተ ነበር?" በሏቸው። ጠበል ወስደውት ከሆነም አትቆጡ፤ መድኃኒቱን እዚያም ሆኖ እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ በሏቸው።