ወረቀቱ 12 ሰዓት ይላል

ሰሞኑን ስምሪት ክፍል ሥራ የጀመረ አንድ ልጅ «ሹፌሮቹ ያወጣሁላቸውን ሰዓት እንዲያከብሩ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው።

እኔ ስጀምር መሣሪያዬ ካርታ፣ ማስመሪያና እርሳስ ነበር። አንድ መስመር አወጣሁ፤ ደርሶ መልስ 420 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ደንበኛ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብዬ አሰብኩና 7 ሰዓት ሆነልኝ። ለእያንዳንዱ ማራገፊያ 20 ደቂቃ ጨመርኩ። ጠዋት 12 ሰዓት የወጣ መኪና 9 ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል ማለት ነው። ለአለቃዬ ሳሳየው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

መስመሩን የያዙት አንጋፋ ሹፌር ወረቀቱን አዩና «ጥሩ ነው ልጄ፤ ጠበብ ይላል እንጂ» አሉኝ። ሳቅኩ። ስምንት ወር ሙሉ 9 ሰዓት ሳይሞላ ግቢ ይገባሉ። አንድ ቀን እንኳን አልዘገዩም። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አመንኩ።

እሳቸው ዕረፍት ሲወጡ ያንኑ ወረቀት ለወጣት ሹፌር ሰጠሁት። 10 ሰዓት ላይ ደወለ። ገና ሦስተኛው ደንበኛ በር ላይ ተሰልፏል። «ዛሬ አልጨርስም፣ እዚሁ ልደር» አለኝ። «ሽማግሌው የሚችሉትን አንተ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። እልህ ያዘውና ጨረሰ። ሲመለስ ሌሊት እንቅልፍ ጣለው፤ መኪናው ከመንገድ ወጣ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ዛሬም ያነክሳል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ 4 ሰዓት ተኩል የነዳ ሹፌር 45 ደቂቃ ይረፍ ይላል። በቀን መንዳት የሚቻለው 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን 10 ይፈቀዳል። ያኔ እንዲህ ያለው ቁጥር ለሰነፍ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ዕቃ እንዴት ቅደም ተከተል ይዞ እንደሚጫን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች የማትወዱት ከወንበር መነሳት ነው። መስመር የሚያወጣላችሁ ሶፍትዌር ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ካበራ በቃ፣ ሁሉ ሰላም ነው። ደግሞ ማስመሪያ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም፤ እግር የሰበረው የእኔ ማስመሪያ ነው። አሥር ደንበኛ ብቻ ቢኖራችሁ ቅደም ተከተሉ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ዓይነት ነው። ይህን ሰው በጭንቅላቱ አይጨርሰውም። ዳንዚግና ራምሰር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ገና እ.ኤ.አ. በ1959 ለማደያዎች ቤንዚን የሚያደርሱ ቦቴዎችን መስመር በሒሳብ ለመፍታት ሞክረዋል። ሶፍትዌሩን ተጠቀሙበት። በር ላይ ያለውን ሰልፍ ግን ካልነገራችሁት አያውቀውም፤ እናንተም ጋቢና ገብታችሁ አንድ ቀን ካልዋላችሁ አታውቁትም።

ወጣቱ ሹፌር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በ9 ሰዓት እንዴት እንደሚደርሱ ጠየቅኳቸው።

«ወረቀትህ 12 ሰዓት ውጣ ይላል። እኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እወጣለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛ በሩን ሲከፍት ከሰልፉ ፊት ነኝ።»

ዘበኛው ያውቅ ነበር። ረዳታቸውም ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ ልጄ። ሳቅክ።»