«ቤት የሚገዛ ገንዘብ» የሚባለው ወዴት ነው የሚሄደው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ተጣድፌ ከምመልስልሽ ይደር ብዬ ተውኩት። ላላዩት ባጭሩ፦ ሁለት ልጆች አሏችሁ። ሦስተኛ ልጅ ከሌላ አገር በጉዲፈቻ ወስደሽ ለማሳደግ ካሰብሽ ቆይተሻል። ባለቤትሽ ግን «ቤት የሚገዛ ገንዘብ ነው አሉ፣ እኛ ደመወዝ ጠባቂዎች ነን» እያለ ያመነታል። እውነት ይህን ያህል ውድ ነው? ገንዘቡስ ወዴት ነው የሚሄደው? ነው ጥያቄሽ።

ውድ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ባለቤትሽ መፍራት ያለበትን ነገር የፈራ አይመስለኝም። እኛም እንደሱ ፈርተን ሁለት ዓመት አባክነናል።

እኔና ባለቤቴ አንድ ወንድ ልጅ ወስደናል። ሲመጣ አምስት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር፣ አሁን 12 ሞልቶታል። የመጣበትን አገር አልጠራም። ታሪኩ የራሱ ነው፣ ትልቅ ሲሆን ከፈለገ እሱ ይናገረዋል። (ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ስንጀምር አንድ ደብተር ገዛን። ቀን፣ መጠን፣ ለምን የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሰመርንበት። ያልጻፍነው ሳንቲም የለም። አሁን ሳገላብጠው የሚገርመኝ ድምሩ ሳይሆን የወሰደው ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ እስከ መጨረሻው ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ነበር የቀረው። ማንም በአንድ ቀን «ይህን ሁሉ አምጡ» አላለንም። ትንሽ ትከፍያለሽ፣ ወራት ትጠብቂያለሽ፣ እንደገና ትከፍያለሽ። እኛን ኪሳችንን ያራቆተን የመጨረሻው ክፍል ነው፣ ልጅ ተመድቦልን ቲኬት ከቆረጥን በኋላ ያለው።

ቁጥር ካልሰማሁ እንዳትዪኝ፦ አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጠቅላላ ወጪ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ የሚመጣበት አገር ስንት ጊዜ እንድትመላለሱ፣ ስንት ሳምንት እንድትቀመጡ እንደሚጠይቅ ይለያያል። ኮሎምቢያ ቤተሰቡ እዚያው ሆኖ የፍርድ ቤቱን ጉዳይ እንዲጨርስ ትፈልጋለች፣ ይህ ሳምንታት ይወስዳል። ኡጋንዳ በ2016 ባሻሻለችው ሕግ ደግሞ ከጉዲፈቻው በፊት እዚያ ኖሮ ልጁን ለአንድ ዓመት መንከባከብን አስገብታለች። እንዲህ ያለ አገር ከመረጥሽ ጉዲፈቻውን ለሚያስፈጽምልሽ ድርጅት፣ ለኤጀንሲው፣ የምትከፍዪው ምንም አይደለም። ያለ ደመወዝ የምትቀመጪበትን ወር ቁጠሪ።

የቀረው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ከደብተሩ ላንብብልሽ። መጀመሪያ የቤተሰብ ጥናት ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቤት ድረስ ትመጣለች። ገቢያችሁን፣ ጤናችሁን፣ ትዳራችሁን ትጠይቃለች። እኔን «ልጅ ሆነሽ ስታጠፊ እንዴት ነበር የምትቀጪው?» ስትለኝ መልሱ ከአፌ አልወጣ ብሎ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ የኤጀንሲው ክፍያ፣ የአሻራና የወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ትርጉም፣ ማረጋገጫ ማኅተም። እዚያ አገር ደግሞ ጠበቃና ፍርድ ቤት። በመጨረሻ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ጉዞ። በእኛ ደብተር ጉዞው ብቻ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛውን በልቷል።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርሽ፣ ገንዘብ የሚያወጣው ምን እንደሆነ ያሳይሻል። በፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም ከጋብቻ ወረቀቴ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ይበልጣል። አንዲት ፊደል! ተርጓሚው እንዳለ ገልብጦት ሄደ። ፋይሉ ከባሕር ማዶ ደርሶ ከተቀመጠ በኋላ «ሁለት የተለያዩ ሴቶች ናቸው» ተብሎ ተመለሰ። የመሐላ ቃል አስጻፍኩ፣ አስተረጎምኩ፣ እንደገና ማኅተም አስመታሁ፣ በፈጣን መልእክት ላክሁ። ያ ሲሆን የሐኪም ወረቀታችን ጊዜው አልፎበት እሱም እንደ አዲስ ተጀመረ። አሥራ አንድ ሳምንት። ደብተሩ ላይ «ለምን» በሚለው ዓምድ ባለቤቴ «ለሀ ፊደል» ብሎ ጽፎበታል። እስከ ዛሬ ይቀልድብኛል። ስለዚህ ምንም ከማስተርጎምሽ በፊት ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ስማችሁን ፊደል በፊደል አንብቢ። አንዳችሁ አንብቡ፣ አንዳችሁ ተከታተሉ።

አሁን ባለቤትሽ በእውነት ቢፈራው ደስ የሚለኝን ልንገርሽ። ውድ የሆነውን ሳይሆን ርካሽና ፈጣን የሆነውን ፍሩ።

ፋይላችን እዚያ እያለ አንድ ሰው ደወለልን። «ወረፋችሁ ከታች ነው፣ ለማሳደጊያው ትንሽ ነገር ብታደርጉ ከፍ ይላል» አለ። በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ። እውነቱን ልናገር፣ ባለቤቴ ሊከፍል ዳድቶ ነበር። መጠበቅ ሰው ያቄላል። እኔን ያቆመችኝ ያቺ ሦስተኛዋ ዓምድ ናት። «ለምን» በሚለው ስር ምን ብዬ እጽፋለሁ? አልከፈልንም። ሰባት ወር ተጨመረብን። በእሱ ምክንያት ይሁን አይሁን ማንም አልነገረን።

ይህ የኔ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በ1993 የወጣው የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት፣ ከ100 በላይ አገሮች የተቀበሉት፣ ለትክክለኛ ወጪና ለተመጣጣኝ የባለሙያ ክፍያ ካልሆነ በቀር ከጉዲፈቻ ማንም ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል። የወላጆች ፈቃድ በገንዘብ የተገኘ መሆን የለበትም። የእናት ፈቃድ ልጁ ሳይወለድ መሰጠት የለበትም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ልጁ በተወለደበት አገር ቤተሰብ ሊያገኝ ይችል እንደሆነ መታየት አለበት። ሕግ ይህን ሁሉ የጻፈው ተቃራኒው ስለተደረገ ነው። በልጅ ማሳደጊያ ያሉ ብዙ ልጆች ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ጓቴማላ በሙስናና በሐሰት ወረቀት ምክንያት በ2008 በሯን ዘጋች። ያለፉ በደሎችን የሚመረምረው የደቡብ ኮሪያ የእውነት ኮሚሽን በ2025 ባወጣው ግኝት ወላጆች ያሏቸው ልጆች ሳይቀሩ «የተጣሉ» ተብለው ተመዝግበው ወደ ውጭ አገር መላካቸውን አስታወቀ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፣ እናቶቻቸውን እየፈለጉ ነው። እኔ ልጄ አድጎ «እንዴት ወሰድሽኝ?» ሲለኝ ደብተሩን ከነደረሰኙ ነው የማስቀምጥለት።

ሌላው ልታውቂው የሚገባ አደጋ በሩ በመሐል መዘጋቱ ነው። ሩሲያ በ2012 መጨረሻ ለአሜሪካውያን ዘጋች። ኢትዮጵያ በ2018 መጀመሪያ ሕግ አውጥታ የውጭ ጉዲፈቻን አስቀረች። ቻይና በ2024 አቆመች፣ ከቅርብ ዘመድና ከእንጀራ ልጅ በስተቀር። ልጅ ተመድቦላቸው፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለዓመታት ሲጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አሜሪካ በ2004 ከ22 ሺህ በላይ ልጆች በዚህ መንገድ ገብተውባት ነበር፣ በ2023 የገቡት 1,275 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለኤጀንሲ ከመክፈልሽ በፊት «አገሩ ቢዘጋ የትኛው ክፍያ ይመለሳል? የትኛው ወደ ሌላ አገር ይዛወራል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል «አይዞሽ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ስልኩን ዝጊው።

ይህን ሁሉ ብዬሽ ታዲያ ለምን ግቡበት እላለሁ? በእውነት የሚጠብቁ ልጆች ስላሉ ነው። ግን ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚስላት ጤነኛ አራስ አይደለችም የምትጠብቀው። እሷ እዚያው አገሯ ቤተሰብ የማግኘት ዕድሏ ሰፊ ነው። የሚቀሩት ከአምስት ዓመት በላይ የሆኑት፣ ወንድምና እህት ሆነው አብረው መሄድ ያለባቸው፣ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ሁለት ልጅ አሳድገሻል። አልቅሶ የማያባራ፣ ታሞ የሚያሳድር፣ ተናዶ በር የሚደበድብ ልጅ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልጋቸው እንዳንቺ ዓይነት ሰው ነው። ይህን ስጽፍ እያሞካሸሁሽ አይደለም፣ ለእኛ የመጀመሪያ ልጃችን ስለነበረ ምን እንደጎደለን ስለማውቅ ነው።

የኛ ልጅ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ነው። ፋይሉ ላይ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል» ይላል። አንድ የሕፃናት ሐኪም ፋይሉን እንድታነብልን ከፍለን ነበር፣ ከደብተሩ ውስጥ እንደዚያች ያላቆጨችኝ ወጪ የለችም። «ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ የንግግር ሕክምናም ቢያንስ ሁለት ዓመት» አለችን። እንዳለችው ሆነ። ኤጀንሲዎች በሚሰጡት ዝርዝር ላይ የማይገኘው ወጪ ይሄ ነው፣ ከመጣ በኋላ ያለው። ሰባት ጥርስ አስሞልተናል። እኔ አራት ወር ያለ ደመወዝ ቤት ተቀምጫለሁ። ልጁ እንዴት እንደሆነ ለመግለጽ ወደ አገሩ የሚላከው ሪፖርትም ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ይከፈልበታል፣ አንዳንድ አገሮች ልጁ 18 እስኪሞላው ይጠይቁታል። ለጉዲፈቻው ያላችሁን ሁሉ አሟጣችሁ ልጁን በባዶ ኪስ እንዳትቀበሉት። የስድስት ወር ወጪ ለብቻው አስቀምጡ፣ ካልሞላ ጉዞውን አዘግዩት።

ከየት አመጣችሁት ላልሽው፦ አንዱን መኪና ሸጥን፣ ከቤተሰብ ያለ ወለድ ተበደርን፣ ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ሥራ ያዘ። መሥሪያ ቤታችሁ የጉዲፈቻ ድጋፍ እንዳለው ጠይቁ፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያልፈዋል። መንግሥታችሁ የግብር ቅናሽ ይሰጥ እንደሆነም እዩ። አሜሪካ ለምሳሌ በ2025 ለአንድ ልጅ እስከ 17,280 ዶላር ድረስ ከግብር ይቀነስ ነበር። ከሌላ አገር ለሚመጣ ልጅ ግን ይህ የሚታሰበው ጉዲፈቻው ከጸና በኋላ ነው። ቲኬት አይገዛልሽም። የልጁን ፎቶ ለጥፎ ገንዘብ ማሰባሰብን ግን አልወደውም። ገና ያልተሰጣችሁ ልጅ ነው፣ ፎቶው የናንተ አይደለም።

ቅር የሚላችሁ ካለ ይቅርታ፣ ግን እንደዚያ ነው የማምነው።

የዜግነት ወረቀቱን ደግሞ በዚያው ሰሞን ጨርሱ። በልጅነታቸው አሜሪካ መጥተው፣ አሳዳጊዎቻቸው ሳያመለክቱላቸው ቀርተው፣ ጎልምሰው ዜጋ አለመሆናቸውን ያወቁ ሰዎች አሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ልጃችን እንደመጣ መጀመሪያ ከተማራቸው ቃላት አንዷ «ነገ» ነበረች። ማታ ማታ ጫማውን ትራሱ አጠገብ ያስቀምጥና ዓይኔን እያየ «ነገ?» ይለኛል። «ነገም እዚሁ» እለዋለሁ። ሌላ ቃል አልነበረንም። ጫማውን አንድም ቀን ከዚያ አላነሳሁበትም። አምስት ወር ገደማ እንዲህ ቆየን። አንድ ማታ መብራት ላጠፋ ስል እንደልማዱ «ነገ» አለ፣ ቀጥሎ ግን «ነገ ምሳ ምንድን ነው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ደነገጠ።

ባለቤትሽ ገንዘቡን ሁሉ እስክታገኙ እንጠብቅ ካለ፣ የቤተሰብ ጥናቱን ብቻ ጀምሩ በዪው። ከሌላው አንጻር ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ለሌላ ነገር አያስገድዳችሁም፣ ሁለታችሁንም ያነጋግራችኋል። ከዚያ በፊት ፈቃድ ያላቸው ሁለት ኤጀንሲዎች ጋ ደውዪና የክፍያ ዝርዝራቸውን በጽሑፍ ጠይቂ። ሲላክልሽ በውስጥ መስመር አሳዪኝ፣ ከደብተሬ ጋር አስተያይቼ የጎደለውን እነግርሻለሁ።